ብረት በፍጥነት ሲጨመቅ ውስጡ የሚወጣውን ነጭ መስመር እንዴት እንደምታዩት

ባሕር ዳር ውስጥ ኮብልስቶን የሚጠረብበት ቦታ ከደረሳችሁ የመሮዎቹን አናት ተመልከቱ። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ባዝልት ነው፤ በቀላሉ አይበገርም። መሮው ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲወርድበት አናቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጠርዙም ተገልብጦ ወደ ታች ይታጠፋል። አንድ ቀን ከዚያ ጠርዝ ላይ ትንሽ የብረት ስባሪ ተፈናጥራ ትወጣለች። ዓይን ካገኘች ዓይን ታጠፋለች።

እኔ የምሠራው ቶርኖ ቤት ነው። ልጆቹ መሮ ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ይቺን አስተካክልልኝ፤ ብረቷ ቀሽም ሆናብኝ ነው» ይሉኛል። አገላብጬ ሳያት ግን ብረቷ ደህና ናት። ከባሌስትራ የተሠራች ጠንካራ ብረት ናት። ደህና ብረትም ቢሆን በጣም በፍጥነት ሲጨመቅ ውስጡ አንድ ቀጭን ቦታ ላይ ብቻ ይሸነፋል። ያ ቦታ ሺር ባንድ ይባላል። ስፋቱ ከጥቂት ማይክሮን እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፀጉር ይቀጥናል። ብረቱ ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ አሲድ ሲነካው በማይክሮስኮፕ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ይህን መስመር በቶርኖ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በትንሽ አሲድ እንዴት እንደምታዩት ላሳያችሁ። ለሜካኒካል ተማሪዎችም፣ ለቶርኖ ባለሙያዎችም፣ መሮ ለሚሠሩም ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን የምትፈልጉትን ነገር እወቁት። የማታውቁትን ነገር በማይክሮስኮፕ ብታዩት እንኳ አትለዩትም።

ለምን አንድ ቦታ ላይ ብቻ?

አንዲት አጭር ድቡልቡል ብረት ፕሬስ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምቋት። ታጥራለች፣ ወገቧ ይወፍራል፣ ሌላ ጉድ የለም። ለውጡ በመላ አካሏ ይዳረሳል። ምክንያቱ ብረት ሲቀጠቀጥ መጠንከሩ ነው። አንዱ ቦታ ትንሽ ከተበለጠ ያ ቦታ ይጠነክርና «በቃኝ» ይላል። ቀጣዩ ለውጥ ገና ወዳልጠነከረው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ጭነቱን እየተቀባበሉ ይዘልቃሉ።

ብረቱን ለመጨፍለቅ የምናወጣው ጉልበት የት ይገባል? ቴይለርና ኩዊኒ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1934 እ.ኤ.አ. ለክተው እንዳሳዩት አብዛኛው ሙቀት ይሆናል። ዛሬም መሐንዲሶች ሲያሰሉ 90 በመቶ ያህሉን ሙቀት ብለው ይይዙታል። ቀስ ብላችሁ ከጨመቃችሁ ያ ሙቀት ወደ ፕሬሱ መንጋጋ ያልፋል፣ ወደ አየርም ይወጣል፤ ብረቷ እጃችሁ ላይ ለብ ብትል ነው። በፍጥነት ከመታችኋት ግን ሙቀቱ ከተፈጠረበት ቦታ የሚሸሽበት ጊዜ የለውም። የጋለ ብረት ደግሞ ይለሰልሳል።

አሁን ሁለት ነገሮች ይገፋፋሉ። ቅጥቀጣው ያጠነክራል፣ ሙቀቱ ያለሰልሳል። ማጠንከሩ እስካሸነፈ ድረስ ሰላም ነው። ማለስለሱ ያሸነፈ ዕለት ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ትንሽ ቀድሞ የጋለው ቦታ ይለሰልሳል፣ ስለለሰለሰ ለውጡ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፣ ለውጡ ስለመጣበት ይበልጥ ይግላል። ደንገል በበዛበት የጣና ዳርቻ የመጀመሪያው ታንኳ ደንገሉን እየጣሰ ይገባል። ሁለተኛው ሌላ መንገድ አይጥስም፤ የተጣሰውን ይከተላል። ሦስተኛውም እንዲሁ። መንገዱ በተሄደበት ቁጥር ይቀላል፣ ግራና ቀኝ ያለው ደንገል ግን እንደቆመ ይቀራል። ብረቱም ውስጥ ከባንዱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ያን ያህል ሳይነካ ይቀራል።

ይህን የማጠንከርና የማለስለስ ፉክክር በግልጽ የጻፉት ዚነርና ሆሎሞን ናቸው፤ በ1944 እ.ኤ.አ.። እነሱ የብረት ሳህን በፍጥነት በስተው ነው ነጩን መስመር ያዩት። ነገሩ ግን ከዚያም በፊት ታይቷል። ፈረንሳዊው ትሬስካ በ1878 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ የፕላቲኒየም ዘንግ በእንፋሎት መዶሻ ሲቀጠቀጥ፣ ዘንጉ ፍም መምሰሉን ትቶ ከጠቆረ በኋላ መዶሻው ሲያርፍበት ሁለት የሚያበሩ መስመሮች ተጣቅሰው ወጡ። የኤክስ ቅርጽ ነበራቸው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም፤ ሙቀቱን በዓይኑ አየው።

ለምን ኤክስ? አንድን ነገር ከላይ ወደ ታች ስትጨምቁት አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ ለማንሸራተት የሚገፋው ኃይል ትልቅ የሚሆነው በ45 ዲግሪ ግድም ባዘመመ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ባንዱም ሰያፍ ነው። በጭመቃ የተሰበረ ብረት ስታገኙ ስብራቱ ሰያፍ ከሆነና ፊቱ ለስላሳ፣ የተፋቀ የሚመስል ከሆነ ጠርጥሩ።

በወረቀት ላይ አስሉት

ሒሳቡን አትዝለሉት። ካልኩሌተር ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል፤ ዓይንንም የሚከፍተው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር። ጭንቀቱን (ስትረስ፤ ብረቱ በስፋቱ ልክ የሚሸከመውን ኃይል) በሜጋፓስካል ያዙ፣ በለውጡ መጠን (ስትሬን) አባዙ፣ በ0.9 አባዙ፣ ከዚያ ብረቱ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ለሚፈልገው ጉልበት አካፍሉ። ለተራ ብረት ይህ አካፋይ 3.77 ግድም ነው፤ በኩብ ሜትር 7850 ኪሎ የሚመዝን ብረት በኪሎ 480 ጁል ሲወስድ ማለት ነው። ብረቷ 800 ሜጋፓስካል ተቋቁማ በ0.5 ከተለወጠች፣ 800 ሲባዛ በ0.5፣ 400፤ ሲባዛ በ0.9፣ 360፤ ሲካፈል ለ3.77፣ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ይህ በመላ አካሏ ነው። ያስፈራል? ብዙም አያስፈራም።

ባንዱ ውስጥ ግን ለውጡ 0.5 አይደለም። 5 ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ። የማንሸራተቻው ጭንቀት 500 ሜጋፓስካል ነው እንበል። 500 ሲባዛ በ5፣ ሲባዛ በ0.9፣ ሲካፈል ለ3.77፤ 600 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ማርሻንና ዳፊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አንድ የመርከብ ብረት ላይ ባንዱ እየተፈጠረ ሳለ ሙቀቱን ለክተው እስከ 590 ዲግሪ አግኝተዋል። የእኛ የወረቀት ሒሳብ ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ሁለተኛው ሒሳብ ሙቀቱ ምን ያህል ርቀት እንደሚሸሽ ነው። ለብረት፣ 12ን በጊዜው በሰከንድ አባዙና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ መልሱ በሚሊሜትር ነው። አንድ ሰከንድ ከሰጣችሁት ሙቀቱ 3.5 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። የሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ ብቻ ከሰጣችሁት 0.035 ሚሊሜትር ነው፤ 35 ማይክሮን። እሱ ራሱ የባንዱ ስፋት አካባቢ ነው! ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የባንዱን ቅጥነት የሚወስነው በአብዛኛው ሙቀት በዚያች ቅጽበት ሊሸሽ የሚችለው ርቀት ነው።

እዚህ ጋ ቲታኒየም ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባችኋል። ለአውሮፕላን የሚውለው የተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በዋት በሜትር በዲግሪ 7 ግድም ነው፤ የብረት ከ40 እስከ 50፣ የአሉሚኒየም ከ200 በላይ፣ የመዳብ 400 ይጠጋል። ስለዚህ ቲታኒየም ቀስ ተብሎ እንኳ ሲቆረጥ ባንድ ያወጣል። መዳብ ግን ሙቀቱን ቶሎ ይበትነዋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ለማጥናት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሆፕኪንሰን ባር ይባላል። ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ፊት ለፊት ይጋደማሉ፣ ናሙናዋ መሃል ትገባለች። በጋዝ የተተኮሰ ሦስተኛ ዘንግ የመጀመሪያውን ይመታል። ዘንጎቹ ላይ የተለጠፉ መለኪያዎች ሞገዱን ሲያነቡ ናሙናዋ የደረሰባትን ማስላት ይቻላል። ለጭመቃ የሚሆነውን ባለ ሁለት ዘንግ ዓይነት ኮልስኪ በ1949 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው። ማርሻንና ዳፊ የተጠቀሙት የሚጠመዘዝ ዓይነቱን ነው። ቀጭን ቱቦ ላይ መስመሮች አስመሩና በጣም ፈጣን ካሜራ አነሱ። መጀመሪያ መስመሮቹ እኩል ዘመም አሉ። ቀጥሎ ለውጡ መሃል አካባቢ መብዛት ጀመረና መስመሮቹ ጎበጡ። በመጨረሻ ሁሉም 20 ማይክሮን ግድም በሆነች ጠባብ ቦታ ላይ ቁልቁል ተሰበሩ፣ ቱቦውም የመሸከም አቅሙን አጣ። እነዚህን ሦስት ደረጃዎች በልባችሁ ያዙ፤ በቺፑ (ቶርኖ ሲልጥ በሚወጣው የብረት ላጭ) ላይ የምታዩት ሦስተኛውን ነው።

መሮ ለሚሠሩና ለሚመቱ

ማይክሮስኮፕ ባታገኙ እንኳ ይህችን ክፍል አትለፏት።

ቀጥቃጩ መሮውን ሲያጠነክር ሙሉውን አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ከከተተው አናቱም ይጠነክራል። ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። ጠንካራ አናት በመዶሻ ሲመታ መስፋት አይፈልግም፤ ባንድ ይፈጥርና ባንዱን ተከትሎ ይፈነጠራል። መጠንከር ያለበት ስለቱ ብቻ ነው። ስለቱን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አግሉ፣ እሱን ብቻ ንከሩ፣ አናቱን ተዉት። አናቱ ከመዶሻው የለሰለሰ መሆን አለበት።

ለስላሳ አናት ይሰፋል። ይስፋ፤ ሲሰፋ ታዩታላችሁ። ጠርዙ መታጠፍ እንደጀመረ በግራይንደር ቆርጣችሁ ጣሉና ዙሪያውን ሰያፍ አድርጉት። «ገና ይሠራል» ብላችሁ አትተዉት። የታጠፈው ጠርዝ ሺህ ጊዜ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ የማጠንከር አቅሙን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምት ሁሉ ወደ ማለስለሱ ጎን ነው የሚያደላው።

መዶሻን በመዶሻ አትምቱ። ሁለቱም ጠንካራ ፊት ናቸው። ጎማ ወይም ኩሽኔታ ለማስለቀቅ አንዱን መዶሻ አስደግፈው በሌላው የሚመቱ ልጆች ጋራዥ ውስጥ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር አስቆማቸዋለሁ። በመሃል የመዳብ ወይም የነሐስ ቁራጭ አስገቡ።

መነጽር ደግሞ ለመሮ መቺው ብቻ አይደለም። ስባሪዋ ጎን ለተቀመጠውም ትደርሳለች።

ቺፑን ማውጣት

ቶርኖ ብረት ሲልጥ ከስለቱ ፊት ያለው ብረት በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ይጨመቃል፣ ይንሸራተታል። ፍጥነቱ ሆፕኪንሰን ባር ከሚሰጠው አያንስም፤ እንዲያውም ሊበልጠው ይችላል። ማለትም መንደራችን ውስጥ ያለ ቶርኖ ሁሉ የዚህ ጥናት መሣሪያ ነው።

ከመኪና መለዋወጫ ተራ የተሰበረ የኋላ ዘንግ ፈልጉ። የጭነት መኪና ከሆነ 40 ሚሊሜትር ግድም ይወፍራል፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። ፌሮ አይሆንም፣ በጣም ለስላሳ ነው። ካርባይድ ኢንሰርት ግጠሙ፤ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ይሻላል። ጥልቀት 1 ሚሊሜትር፣ ስለቱ በየዙሩ የሚራመደው 0.2 ሚሊሜትር። ማቀዝቀዣ ውሃ አትልቀቁ።

ሁለት ቺፕ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ የዝግታ፣ አንዱ የፍጥነት። 40 ሚሊሜትር ዘንግ በደቂቃ 250 ዙር ሲዞር የመቁረጫው ፍጥነት በደቂቃ 31 ሜትር ነው። በ1200 ዙር ወደ 151 ሜትር ይደርሳል። ሌላ ውፍረት ከያዛችሁ ውፍረቱን በ3.14 እና በዙሩ አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። ሁለቱንም ቁረጡ፣ ቺፖቹን ለየብቻ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ቺፕ በእጅ አይነሳም። ይቆርጣል፣ ያቃጥላል። በሜንጦ አንሱት፣ ቶርኖው ከቆመ በኋላ ብቻ።

ገና ሳትወለውሉት ልዩነቱን ታያላችሁ። የዝግታው ቺፕ ጀርባው ደልዳላ ነው። የፍጥነቱን ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ጠርዙን ስታዩ የመጋዝ ጥርስ አለው፤ አንድ ጥርስ፣ አንድ ጎድጓዳ፣ እንደገና ጥርስ። እያንዳንዱ ጎድጓዳ ሥር አንድ ባንድ አለ። ጥርስ ካላያችሁ ዙሩን ጨምሩ፣ ወይም የበለጠ ጠንካራ ዘንግ ፈልጉ። በጣም የጠነከረ ብረት ላይ ጥርሱን የሚጀምረው ከላይ የሚመጣ ስንጥቅ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩም ረጅም ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩሽኔታ አትምረጡ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ መልሱን የጠራ ያደርግላችኋል።

መቅበርና መወልወል

ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ቀለበት ቁረጡ። መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ መስታወቱን ቀጭን ቅባት ቀቡት። ቺፑን በጠርዙ አቁሙት። ጥርሱ ከጎን እንዲታይ ነው፤ ተኝቶ ከተቀበረ ድካማችሁ ከንቱ ነው። በወረቀት መያዣ ክሊፕ ብትደግፉት ይቆማል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ አፍስሱበት። በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ ይጠነክራል፤ በክረምት እስከ ማግስቱ ተዉት።

መወልወሉ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እኔም የምወደው ክፍል እሱ ነው። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፉ። በ320 ጀምሩ፣ ከዚያ 600፣ 1000፣ 2000። ውሃ እንዳይለየው። ወረቀት ስትቀይሩ ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙሩት፤ ያለፈው ወረቀት የተወው ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አትለፉ። በየመሃሉ እጃችሁንም ናሙናውንም ታጠቡ። አንዲት የ320 ፍርፋሪ 2000ው ላይ ከገባች ሁሉን ታበላሻለች። መጨረሻ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ላይ የብረት መወልወያ ክሬም አድርጋችሁ ፊታችሁ እስኪታይበት ወልውሉ።

ቀጥሎ አሲዱ። 98 ሚሊሊትር ንጹሕ አልኮል ውስጥ 2 ሚሊሊትር ናይትሪክ አሲድ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። አሲዱ ወደ አልኮሉ ነው የሚገባው፤ የተገላቢጦሽ አይሆንም። ጓንት፣ መነጽር፣ የተከፈተ መስኮት። ከ5 በመቶ በላይ አታድርጉት። ክዳኑ ተጠብቆ በተዘጋ ጠርሙስ አታስቀምጡት፣ ጋዝ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ቀምሙ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከናይትሪክ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። አሲዱን ከላብራቶሪ ኃላፊ ጋር ሆናችሁ ብትቀምሙት ይመረጣል።

በጥጥ ቀቡት። ከ5 እስከ 15 ሰከንድ። መስታወት የነበረው ፊት ሲደበዝዝ ወዲያው በውሃ እጠቡ፣ በአልኮል አለቅልቁ፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቁ።

ምን ታያላችሁ

ለሥነ ሕይወት የሚሆን ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ከታች ስለሚመጣ ለብረት አይሆንም። ከላይ የሚያበራ የብረት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየቶች እርዳታ ከተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ የወጣ ሜካኒካል መሐንዲስ በባሕር ዳር አይጠፋም፤ የት እንደሚገኝ ጠይቁ፣ ናሙናችሁንም ወልውላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የተዘጋጀ ናሙና ይዞ የመጣን ሰው ላብራቶሪ ያለ ሰው በደስታ ነው የሚቀበለው።

በ100 እጥፍ ጀምሩ። ጥርሶቹ ተራሮች ሆነው ይታያሉ። የጥርሱ ሆድ በአሲዱ ጠቁሯል፣ የብረቱ ስሪትም ይለያል። አሁን ወደ ጎድጓዳው ውረዱና 500 እጥፍ አድርጉ። ስሪቱ ወደ ባንዱ ሲጠጋ ይጎብጣል፣ ይሳባል፣ ይቀጥናል። ከዚያ ድንገት ነጭ መስመር። ነጭ የሆነው የብረቱ ጥቃቅን ክሪስታሎች (ግሬይኖች) እጅግ ደቅቀው ከአንድ ማይክሮን በታች ስለወረዱና አሲዱ ስላልያዛቸው ነው። የማይክሮ ጥንካሬ መለኪያ ካለ ነጩ ላይ አንዴ፣ ጥርሱ ሆድ ላይ አንዴ ጫኑ። ነጩ ይበልጣል። በጋለበት ቅጽበት የለሰለሰው ያው ቦታ፣ ግራና ቀኙ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ወዲያው ስለነጠቀው ከሁሉም ጠንካራና ተሰባሪ ሆኖ ቀርቷል።

የዝግታውን ቺፕም አጠገቡ እዩት። እዚያ ስሪቱ በመላ አካሉ እኩል ዘንብሏል፤ ነጭ መስመር የለም።

ሁሉም ነገር ጥቁር ከሆነባችሁ አሲዱ በዝቷል፤ ወደ 1000 ወረቀት ተመልሳችሁ እንደገና ወልውሉ። ሁሉም ነጭ ከሆነ አሲዱ አንሷል፤ 5 ሰከንድ ጨምሩ። ነጩ መስመር ፍጹም ቀጥ ብሎ ከቺፑ አልፎ ኢፖክሲው ውስጥ ከገባ ጭረት ነው፣ ባንድ አይደለም። በቺፑ ጠርዝ ዙሪያ ብቻ ያለ ነጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑና ኢፖክሲው መሃል ያለ ክፍተት ነው። እውነተኛው ባንድ ሰያፍ ነው፣ ከጎድጓዳው ይነሳል፣ ወደ ስለቱ ጎን ይወርዳል፣ ከዳርና ዳሩ ያለው ስሪትም ወደ እሱ ታጥፎ ይገባል።